ዱቄት የሌለበት ኬክና ያልተነገረ መርዶ

እኔ ያን ኬክ ስድስት ጊዜ ጋግሬዋለሁ፤ አንድም ቀን ግን ቀምሼው አላውቅም። የአይሁድ ፋሲካ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው እኛ ሁዳዴ ላይ ሳለን ነው። ኬኩ ደግሞ የቸኮሌት ይባል እንጂ ዋናው እንቁላል ነው፤ ስምንት እንቁላል! ዱቄት የለበትም፣ እርሾ የለበትም፤ በዚያ ሳምንት ዱቄት የነካው ነገር ሁሉ ከቤቱ ይወጣል ወይም ይታሸጋል። ስለዚህ እኔ እሠራለሁ፣ እሳቸው ይቀምሳሉ። እሳቸው የምላቸው እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ቤታቸው እየሄድኩ የምረዳቸው የሰማንያ ስድስት ዓመት እናት ናቸው።

ለአረጋውያን ረዳት የሚልከው ኤጀንሲ መጀመሪያ የላከኝ ቀን "በስሜ ጥሪኝ" አሉኝ። ምን ሲደረግ! እናቴን የሚያክሉ ሰው በስማቸው ልጥራ? አፌ እምቢ አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ "ኤክስኪዩዝ ሚ" እያልኩ ቆየሁና በሦስተኛው ቀን "እትዬ" አልኳቸው። ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። "ከስሜ ይሻላል" አሉና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሆነው ቀሩ። ካሊፎርኒያ ያለችው ሴት ልጃቸው እንኳ ስትደውል "እትዬ ደህና አደረች?" ትለኝ ጀመር።

እትዬ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አእምሯቸው ግን ምላጭ ነው። ኬኩ ሲሠራ እጅ እኔ ነኝ፣ አዛዥ እሳቸው ናቸው። ወጥ ቤት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው "ቀስ! ቀስ በይ አልኩሽ! እንቁላሉ ምን አደረገሽ?" ይሉኛል። እኔም ምላሴ አያርፍም። በዓሉ ላይ ሥጋ ስለሚቀርብ፣ ሥጋና የወተት ነገር ደግሞ አብረው ስለማይበሉ፣ ኬኩ ውስጥ ቅቤ አይገባም፣ ማርጋሪን ነው የሚገባው። "ቅቤውን ከተዉት እንቁላሉንም ተዉትና አብረን እንጹም" እላቸዋለሁ። "አምላክሽ ኮስታራ ነው፤ እንቁላል ምን በደለው?" ይላሉ። "የእርስዎስ? ከምስኪን ዱቄት ጋር የተጣላ!" እላለሁ። እንዲህ እየተባባልን ነበር የምንውለው።

የጾም ነገር የገባት ሴት ስለሆንኩ የሳቸውን ሥርዓት ለመጠበቅ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ወጥ ቤቱን እገለብጠዋለሁ። መሳቢያው ሁሉ ወጥቶ ፍርፋሪው ይጠረጋል፤ ቶስተሩ ቤዝመንት ይወርዳል፤ ፓስታና ዱቄት ያለበት ካቢኔት በፕላስተር ይታሸጋል። ምሳዬን፣ እንጀራና ሽሮዬን፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነበር የምበላው። እትዬ በመስኮት አይተውኝ "ግቢና ብዪ እንጂ፣ እብድ ነሽ?" ብለውኛል። እኔ ስጾም ሰው ቤቴ ሥጋ ይዞብኝ እንዲመጣ አልፈልግም፤ ስለዚህ እኔም አላደረግኩትም።

የኬኩ ባለሙያ እናታቸው ነበሩ። አባታቸው ድሮ እዚሁ ከተማ ፍራንክሊንተን ሰፈር ውስጥ ሱቅ ነበራቸውና እናትየው ከሱቁ ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ይጋግሩ ነበር። አሠራሩን ወረቀት ላይ አላሰፈሩትም። ግማሹን እትዬ፣ ግማሹን ክሊቭላንድ የሚኖሩት ታናሽ እህታቸው ያስታውሳሉ፤ የማይስማሙበት ይበዛል እንጂ። እትዬ "አንድ ማንኪያ ቡና ይገባበታል" ይላሉ፤ እህትየው "እማዬ ቡና አስገብታ አታውቅም" ይላሉ። እትዬ "ካልተሰነጠቀ የእናቴ ኬክ አይደለም" ይላሉ፤ እህትየው "የሚሰነጠቀው አንቺ ስለምትቸኩዪ ነው፣ የእማዬ አይሰነጠቅም ነበር" ይላሉ። በየዓመቱ በዋዜማው ቀን፣ ልክ ኬኩ ከኦቭን ሲወጣ፣ እህትየው ይደውላሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ተሰነጠቀ?" ነው የመጀመሪያው ቃላቸው። እትዬም "እንዴታ!" ይላሉ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጨቃጨቁና ሲሳሳቁ ይቆያሉ። ልጆቻቸው ርቀው ለሚኖሩ ሁለት አሮጊቶች በዓሉ ራሱ ይኸው ነበር።

ነገሩ የሆነው በአምስተኛው ዓመት ነው። ከሳምንት በፊት በዚያችው ቡና ነገር በስልክ ተጣልተው ነበር። እትዬ ስልኩን እህታቸው ጆሮ ላይ ዘግተውባቸው ሲያበቁ ሲቆጫቸው ሰነበተ። "በዋዜማው መደወሏ አይቀርም፤ ያኔ አንድ ነገር ብያት እንታረቃለን" ይሉኝ ነበር።

በዋዜማው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገና ኮቴን ሳላወልቅ የወጥ ቤቱ ስልክ ጮኸ። እትዬ መኝታ ክፍላቸው ልብሳቸውን እየለበሱ ነበር። አነሳሁት። የእህታቸው ልጅ ነው።

"አክስቴን አገናኚኝ" አለ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

"ደህና ነህ?" አልኩት።

"እናቴ ሌሊት ዐረፈች። ዛሬ ማታ በዓሉ ይገባል፤ በበዓል አንቀብርም። ስለዚህ ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። የአክስቴ ልጅ ጋ ብደውል አውሮፕላን ላይ ናት መሰለኝ ስልኳ አይሠራም። አንቺ ይዘሻት ትመጫለሽ?"

"አሁን ተኝተዋል" አልኩት። ምን ነክቶኝ እንዲህ እንዳልኩ እኔም አላውቅም። "ነፍስ ይማር። እሺ፣ እነግራቸዋለሁ፣ እሺ" ብዬ ዘጋሁት። ያ ሐዘንተኛ እሺ ስላልኩት አምኖኝ ወደ ቀብሩ ጉዳይ ሄደ።

ከዚህ እስከ ክሊቭላንድ ሰባ አንድ ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዞ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አራት ሰዓት ላይ ብንነሳ እንኳ ተዝናንተን እንደርስ ነበር። መኪናዬ በር ላይ ቆማለች፣ ቤንዚኗ ሙሉ ነው። ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። አላወቅኩም ብዬ እንዳልዋሽ።

ግን እኛ መርዶ እንዲህ አንናገርም። ሰው ብቻውን ሳለ፣ እህል ሳይቀምስ፣ በስልክ፣ ያውም በባዳ አፍ! ሐዘን የሚነገረው ሌሊቱን ተኝቶ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ክንድ ቀርቦ ነው። እትዬ ደግሞ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ልባቸው የደከመ፣ ቤቱ ውስጥ ከኔ በቀር ማንም የሌላቸው ሴት ናቸው። ወድቀው ቢቀሩብኝስ? ልጃቸው ዛሬ ማምሻውን ትደርሳለች። ዛሬን በዓላቸውን ይብሉ፣ ይተኙ፣ ነገ ጠዋት ከልጃቸው ጋር ሆነን እንነግራቸዋለን ብዬ ቆረጥኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

እኔ ነኝ እንግዲህ ይህን ያልኩት። እኔ! እናቴ የሞተች ጊዜ በራሴ የደረሰውን የማውቀው።

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ብቻዬን ነበርኩ፣ ነፍሰ ጡርም ነበርኩ፤ እና ሁለት ወር ደበቁኝ። በየሳምንቱ ለወንድሜ እደውላለሁ፤ "እማዬን አገናኘኝ" እላለሁ፤ "ተኝታለች" ይለኛል። "ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች" ይለኛል። "ጎረቤት ልቅሶ ሄዳለች" ብሎኝ ያውቃል፤ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! እኔ እግሯ ያብጣል ብዬ ስምንት ሱቅ ዞሬ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ጥቁር ጫማ ገዝቼ በመንገደኛ ላክሁላት። ለሞተች ሴት ጫማ። ወንድሜ "ልክ ሆኗታል" አለኝ። ወልጄ አርባ ቀን ሳይሞላኝ አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት ዘጠኝ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ገና አንድም ቃል ሳይናገሩ ገባኝ። የጮህኩት ለእናቴ ብቻ አልነበረም፤ ለነዚያ ሁለት ወራትም ነበር። እናቴ አለች ብዬ ስስቅ፣ ስቀልድ የነበረው ሁሉ አፍ አውጥቶ የሚስቅብኝ መሰለኝ። ያን ቀን "እኔ ይህን በማንም ላይ አላደርገውም" ብዬ ምያለሁ።

ይኸውና አደረግኩት። "ተኝተዋል" ስል የተጠቀምኩበት ቃል እንኳ የወንድሜ ቃል ነው።

ሽንት ቤት ገብቼ ለልጄ ደወልኩ፤ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ካለ ሱቅ ነው የምትሠራው። ሹክ ብዬ ነገርኳት። በአማርኛ ብጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። "ማም፣ ጀስት ቴል ኸር" አለችኝ። "ሺ ኢዝ ኸር ሲስተር፣ ማም!"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ! ሰው እንዲህ በደረቁ ይነገረዋል?" ብዬ ተቆጣኋትና ዘጋሁባት። ከሽንት ቤት ስወጣ መኝታ ቤቱን ተመለከትኩ፤ እትዬ የአንገት ሐብላቸውን ለማሰር ይታገላሉ። አሰርኩላቸው። "ዛሬ ፊትሽ ምን ሆኗል?" አሉኝ። "ጾሙ ነው" አልኳቸው። ከዚያ ወጥ ቤት ገባሁና የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት።

አራት ሰዓት ላይ ሥራ ጀመርን። ቸኮሌቱን በፈላ ውሃ ላይ አቀለጥኩ። አልመንዱን ፈጨሁ። እንቁላሉን እየሰበርኩ ነጩን ለብቻ፣ አስኳሉን ለብቻ አደረግኩ። አንዱ አስኳል ነጩ ውስጥ ፈሰሰ። "ጣዪው! ጣዪው! ነጩ ቅባት ከነካው አረፋ አይሆንም፤ ስንት ዓመት ልንገርሽ!" አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ ነበረኝ። ነጩን ደፍቼ ሌላ እንቁላል አነሳሁ። ዝምታዬን አላወቁትም፤ እሳቸው ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነበር።

"አልደወለችም" አሉ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ። "ሁልጊዜ ጠዋት አንዴ ትደውልና 'ጀመርሽ?' ትለኝ ነበር።"

"ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል" አልኩ።

"ሥራ! ምን ሥራ አላት? አኩርፋ ነው። ግትር በቅሎ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት። እናቴ ቆንጥጣት አታውቅም፣ እኔን ብቻ ነበር የምትቆነጥጠው። ተበላሽታ ያደገች!"

ስድስት ሰዓት ሆነ። አሁን ብንነሳ አንደርስም። በዚያች ደቂቃ ውስጤ የሆነ ነገር ሲዘጋ ተሰማኝ፤ ከዚህ በኋላ ብነግራቸውም ምን ዋጋ አለው አልኩ። ሰው ለኃጢአቱ ምክንያት የሚያበጀው እንዲህ ነው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን እንቁላል ነጩን እየመታሁ ነበር። ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። አሁን እያወረዷቸው ነው አልኩ በልቤ። ሚክሰሩን አጠፋሁትና በእጅ መምቻው ቀስ እያልኩ መምታት ጀመርኩ፤ ያ ጩኸት በሬሳ ላይ የምጮህ አስመሰለኝ። በልቤ "ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር" እላለሁ። እትዬ ከኋላዬ፣ "እንግዲህ እሷም ታኩርፍ፣ እኔም አኮርፋለሁ! በቃኝ! ዘንድሮ እኔ ቀድሜ አልደውልም፤ ትሙት እንጂ አልደውልም!" አሉ።

"እትዬ፣ እንደዚያ አይበሉ" አልኩ።

"ምን አገባሽ? የኔ እህት ናት" አሉኝ።

ኬኩን ኦቭን ከተትኩት። ብዙ ስለዘገየሁበት፣ ነጩንም በእጅ ስለመታሁት ይሁን፣ አላውቅም፤ ሲወጣ ላዩ ልስልስ ብሎ ወጣ። አንድም ስንጥቅ የለበትም። በአምስት ዓመት እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። እትዬ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና አዩት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ እንደ ሕፃን እየሳቁ ጠርዙን በጥፍራቸው ቆንጥረው ቀመሱ።

"እሷ ናት ልክ" አሉ። "ይኸው የእናቴ ኬክ። አሁን ጣዕሙም ትዝ አለኝ። ሰባ ዓመት የተከራከርኩት በባዶ ነው። ነይ፣ ስልኩን አቀብዪኝ፤ እኔው ልደውልና ልንገራት። ታያለሽ፣ በደስታ ታለቅሳለች።"

አቀበልኳቸው። ምን ላድርግ? ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ነካ ነካ አደረጉት። "አይሠራም" አሉ።

"መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል" አልኳቸው። እግዜር ይይልኝ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት።

"እንግዲያው ስትደውል የነበረ ነው!" አሉ፤ ፊታቸው በራ። "አየሽ? አላኮረፈችም። ስትደውል ውላ መስመር አጥታ ነው።" ደስ ብሏቸው ከኬኩ ፊት ተቀመጡ። እኔ ሰሃን የማጥብ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፤ እንባዬ ሳሙናው ላይ ይንጠባጠባል።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ልጃቸው በታክሲ ደረሰች። በሩን ከፈትኩላት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ስልኳን ከአውሮፕላን ስትወርድ ነው የከፈተችው። የኔ ልብ ግን፣ ጉድ በሉ፣ ቀለል አለው። የሚደግፍ ክንድ መጣ አልኩ። ጠጋ ብዬ፣ አደራ ጠብቆ እንዳስረከበ ሰው፣ "አይዞሽ፣ ምንም አያውቁም። አልነገርኳቸውም" አልኳት።

"ምን?" አለች።

"ነገ ጠዋት አብረን—"

"አልነገርሻትም? ቀብሩ እኮ አለቀ! ሀያ ደቂቃ መቃብሩ አፍ ላይ ቆመው ጠብቀዋችኋል!"

ሻንጣዋን እበሩ ላይ ጥላኝ ገባች። ኮቷን አላወለቀችም። እናቷ ፊት ተንበርክካ እጃቸውን ያዘችና በሁለት አረፍተ ነገር ነገረቻቸው፤ እህትሽ ሌሊት ዐረፈች፣ ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ተቀበረች። እኔ የፈራሁት መውደቅ አልመጣም። እትዬ አልወደቁም። አልጮኹም። ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ፣ ኬኩን አዩ፣ ቀጥሎ የስልኩን ገመድ በዓይናቸው ተከትለው እስከ ጫፉ ሄዱ። ጫፉ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ነበር።

"ስልኩን ጠዋት ያነሳሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ስሰድባት እየሰማሽ ነበር።"

"አዎ።"

"ትሙት ስል።"

እኛ ሙት አይወቀስም የምንል ሰዎች ነን፤ እኔ ግን እህት እህቷን በተቀበረችበት ሰዓት ስትረግም ቆሜ እንቁላል መታሁ። እትዬ ብዙ አላሉም። "ወደ ቤትሽ ሂጂ" አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ኮቴን ይዤ ወጣሁ። ፎረስት ፓርክ ቤቴ እስክደርስ በየት በኩል እንደነዳሁ አላውቅም።

ስምንት ቀን ማንም አልደወለልኝም። እነሱ በበዓል ልቅሶ አይቀመጡም፤ ሐዘንን ይዞ በዓሉ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። እኔም በዚያ ሰሞን ሕማማት ውስጥ ነበርኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ እውላለሁ፣ ጉልበቴ እስኪያብጥ ሰገድኩ። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው "በቅንነት ያደረግሽው ነው" አሉኝ። ቅንነት! ቅንነት እንኳ አልነበረም። ፈርቼ ነው። የሐዘን ፊት ብቻዬን ማየት ፈርቼ ነው፤ ስሙን ባህል አልኩት።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ልጃቸው ደወለችልኝ። "እትዬ ሐዘን ተቀምጣለች። ነይ ብላሻለች" አለችኝ። ጥቁር ለብሼ ሄድኩ። መስታወቱ ሁሉ በጨርቅ ተሸፍኗል። እትዬ አጭር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የሹራባቸው ጠርዝ ተቀዷል፤ የሐዘናቸው ወግ ነው። እኔ በር ላይ ስደርስ እንደኛ አገር አለቀስኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ደረቴን እየመታሁ። የተቀመጡት ጎረቤቶች ደነገጡ። እትዬ ግን እጃቸውን ዘርግተው አጠገባቸው ያለችውን ዱካ አሳዩኝ።

"አሁን ንገሪኝ" አሉ። "ለምን?"

የእናቴን ነገርኳቸው። ሁለቱን ወር፣ የወንድሜን "ተኝታለች"፣ ጥቁሩን ጫማ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ጫማውን ማን አደረገው?"

"አላውቅም" አልኩ። እውነትም በሃያ ስምንት ዓመት ጠይቄ አላውቅም።

"ወንድምሽን አመስግነሽዋል?"

"አይ፣ እትዬ። እስካሁን ቂም አለኝ።"

"ታዲያ?"

ታዲያ ምን ልበል? ጎረቤት የተቀቀለ እንቁላል አመጣ፤ ለሐዘንተኛ የሚሰጡት ነው። የኛ ፋሲካ ገና ሁለት ቀን ይቀረው ነበር፤ እንደማልበላ ያውቃሉና ሰሃኑን ከፊቴ ራቅ አደረጉት። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ስነሳ ግን፣ "ልቅሶዬ ሲያልቅ፣ ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ" አሉኝ።

ሄድኩ። በቀጣዩ ዓመትም ኬኩን ጋገርን፤ ስድስተኛው እሱ ነው። እትዬ ቡናውን እንዳላስገባ ነገሩኝ። ሚክሰሩን ሳወጣ "በእጅሽ ምቺው" አሉኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሰሃኖቹ መሃል አስቀመጡት። ማንም አይደውልም፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ኬኩ ወጣ፤ መሃሉ ላይ አንድ ረጅም ስንጥቅ ነበረው። እትዬ ጣታቸውን በስንጥቁ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱ። "ደውላ ብትጠይቅ አልተሰነጠቀም ብዬ እዋሻት ነበር" አሉ። ያን ዕለት ሁለታችንም አለቀስን፤ መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎ እኔ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ጥቅምት ሆስፒታል ገቡ። እኔ ማታ አብሬያቸው አምሽቼ ነበር የተመለስኩት። በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ስልኬ ጮኸ። ልጃቸው ናት።

"እናቴ ዐረፈች" አለችኝ። "አሁን፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት። ቀብሩ ነገ አራት ሰዓት ላይ ነው።"

አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ማን አለ ከኔ ጋር? ማንም። እህል ቀምሻለሁ? አልቀመስኩም።

"ለሌላ ሰው ገና አልነገርኩም" አለች፤ እያለቀሰች ነበር። "አስምላኛለች። 'መጀመሪያ እሷ ጋ ደውዪ፤ ከማንም በፊት። ብቻዋን ናት ብለሽ አትዘግዪ፣ እህል እስክትቀምስም አትጠብቂ፣ በቀጥታ ንገሪያት' ብላኛለች።"

ብቻዬን ጮኼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለእትዬ ነው፣ ለእህታቸውም ነው፣ ያን ጊዜ በወጉ እርሟን ላላወጣሁላት እናቴም ነው። በማግስቱ ቀብሩ አራት ሰዓት ነበር፤ እኔ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ከመቃብር ቆፋሪዎቹ በቀር ማንም አልመጣም ነበር።